ከመሬት በታች ያለው ይተርፋል

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ሦስተኛውን የዓለም ጦርነት ብቻዬን ያካሄድኩት እኔ ነኝ። ማንም አላገዘኝም። አሜሪካና ሩሲያም በበኩላቸው የቻሉትን ያህል ሞክረዋል፣ ድካማቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ ሻንቶ መንገድ ባለው ግንባር ጦርነቱን ያወጅኩት፣ ያፋፋምኩትና በመጨረሻም ያበረድኩት እኔው ነኝ። ዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት ነበር። ከቁምጣዬ በስተኋላ ሁለት ቀዳዳ ነበረ፣ በግራና በቀኝ፣ ልክ እንደ መነጽር። ጦር ሜዳው የእናቴ የእንሰት ጓሮ ነው። ከሰው ወገን የሞተ የለም። ከእንሰት ወገን አሥራ አንድ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለለቅሶ ሶዶ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ፊቴን ስታጠብ ሚስቱ የቆጮ ጉድጓድ ከፈተች። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ይኮመጥጣል፣ እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቤት ይመስላል። አፍንጫ ውስጥ ገብቶ በርጩማ ስቦ የሚቀመጥ ሽታ ነው። በዚያው ቅጽበት ሳሎን ያለው ሬዲዮ ትልልቆቹ መንግሥታት ሚሳይላቸውን እያሳዩ እንደገና መዛዛት መጀመራቸውን ያወራል። ፎጣዬን ወረወርኩና ጮህኩ።

«ደግሞ ጀመራችሁ? አሁንስ አልበዛም? ሰው ስንት ጊዜ ጉድጓድ ይቆፍርላችሁ?»

ሴትየዋ የጉድጓዱን ክዳን ቅጠል እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ምን አጠፋን ጋሼ?» አለች። የጮህኩት በእሷ ላይ አልነበረም።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩበት ዓመት ነው። የጊፋታ በዓል ካለፈ ወር ገደማ ሆኖታል፤ ሥጋው አልቆ ትዝታው ጥርሳችን ውስጥ ቀርቷል፤ ዝናቡ ቆሞ የዳሞታ አናት ከጉም ወጥቷል። አባቴ በሻሸመኔ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበረ በሦስት ሳምንት አንዴ አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ቤቱን የሚያዙት አያቴ አንጁሎ ነበሩ። ቤቱን የምታኖረው ግን እናቴ ናት፤ እኛ አዬ ነው የምንላት። ከቤቱ በስተጀርባ ያለው እንሰት የእሷ ነው። ችግኙን ያፈላችው፣ በየዓመቱ እየነቀለች ቦታ ያዛወረችው፣ የከብት ፍግ ያለበሰችው እሷ ናት። አንድ እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ስድስት ዓመትም ሰባት ዓመትም ይፈጃል። ስለዚህ ያ ጓሮ ጓሮ ብቻ አይደለም፤ የዘንድሮ እራት፣ የከርሞ እራት፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣው እራት ሁሉ በተርታ ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ነው።

አያቴ በሕይወታቸው ሁለት ነገር አይረሱም፤ ጦርነትና ፍርድ ቤት።

ጦርነቱ የመጣው ገና ልጅ ሳሉ ነው። እናታቸው ይዘዋቸው ጫካ ገቡ። ሲመለሱ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ከብቱ ተነድቷል፣ እንሰቱ ተጨፍጭፏል። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ ግን እንደተቀበረ ጠበቃቸው። በእሱ ኖሩ። ከዚያ ጣሊያን በአውሮፕላን የመጣ ጊዜ እንሰት ሥር ገብተው ቅጠል ደርበው ቆሙ፤ «እንሰት መስዬው አለፈኝ» ይላሉ፤ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እጃቸውን እንደ ቅጠል ይዘረጋሉ።

የፍርድ ቤቱ ነገር ደግሞ ከታች በኩል የነበረ የእርሻ መሬት ነው። አያቴ አማርኛ አያውቁም። ዳኛው ወላይትኛ አያውቁም። በመካከል አስተርጓሚ ቆመ። አያቴ ከወንዙ እስከ ወርካው ድረስ ድንበሩን እየቆጠሩ፣ የአባታቸውን የአያታቸውን ስም እየጠሩ ግማሽ ቀን ተናገሩ፤ አስተርጓሚው በሦስት ቃል ጨረሰው። መሬቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው የሌላውን ቃል ይዞ በመጣ ቁጥር አያቴ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «የሰውየውን ቃል ነው የተናገርከው ወይስ የራስህን?»

እኔን ትምህርት ቤት ያስገቡኝም ለዚህ ነው። ሐኪም እንድሆን አይደለም፣ መምህር እንድሆንም አይደለም። የቤታችን አስተርጓሚ እንድሆን ነው። አዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ስትሸጥ ያነሳችው የገበያ አማርኛ ነበራት፤ አያቴ ግን ይንቁታል። «ያ የቅቤ አማርኛ ነው» ይላሉ። «የኔ ልጅ የሚማረው የወረቀቱን ነው።» ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሁሉ፣ ለሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ይህን ነግረዋል።

ሬዲዮ የነበረው ጋሽ ደበበ ሱቅ ነው። ጋሽ ደበበ ከጉራጌ አገር መጥተው ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሬዲዮአቸው ጥልፍ ልብስ ለብሳ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፤ ሽቦዋ በመስኮት ወጥቶ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ባትሪዎቹ ሲደክሙ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በግራ በኩል የተሰጣ በርበሬ፣ በቀኝ በኩል የተሰጡ ባትሪዎች። ዶሮ ሳይለይ ሁለቱንም ይጭራል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ በሰው ተሞልቷል፤ የሚገዛ ግን የለም። ጋሽ ደበበ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ኩባ፣ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ጦርነት ይባላል። እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ።

«ጦርነት ሊመጣ ነው!»

አያቴ ከበርጩማቸው ተነሡ። «የት?»

«ኩባ።»

«ኩባ የት ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ከገሱባ ይርቃል?»

«ትንሽ ይርቃል።»

«መንገዱስ?»

«መጥፎ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገሱባን በእግራቸው ያውቁታል። ጦሩ በዚያ መንገድ ከመጣ ሦስት ቀን ይፈጅበታል ብለው አሰሉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቀትር ላይ አብረን እንወርዳለን። አያቴ ሱቅ አይገቡም፤ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን አገጫቸው ሥር ያስደግፋሉ። እኔ በሰዎቹ እግር መካከል ተሹለክልኬ እገባለሁ። የዜና መለኪያ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። በረንዳው ላይ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ካቆመ ነገሩ ከብዷል። ምራቁን ከተፋ አሜሪካ ተቆጥታለች። ጋሽ ደበበ ስኳሩን ከመደርደሪያ አውርደው ጓዳ ካስገቡ ደግሞ ሩሲያ ተንቀሳቅሳለች። ይህን ይዤ እወጣና ለአያቴ ዜናውን እተነትናለሁ። ስተነትን ደግሞ እንዴት ያለ ትንታኔ! እጄን አወናጭፋለሁ፣ እንደ አውሮፕላን እጮሃለሁ። በሁለተኛው ቀን ድንጋዩ አጠገብ ሦስት ሽማግሌዎች ተጨመሩ። በሦስተኛው ቀን ሰባት። ለወሬዬ የተጠበሰ በቆሎ ይዘውልኝ ይመጣሉ። በቆሎ ፊት ደግሞ ዓለምን በትንሹ ማጥፋት አይቻልም።

መርከቦች ባሕር ላይ ተፋጠዋል የሚል ወሬም ነበረ። እኔ የማውቀው ውኃ አባያ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከደጃችን ሲታይ ከታች እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሽንት ልሸና ስወጣ አባያን እቃኛለሁ። አንድ ቀን ሦስት ነጠብጣብ አየሁ። አሁን ሳስበው ዝንብ መሆን አለበት፣ ዓይኔ ሽፋሽፍት ላይ።

«ሦስት መርከብ ገብቷል» አልኩ።

አያቴ በዚያ ቀን ቁርስ አልበሉም።

ነገሩ የተበላሸው በአራተኛው ቀን ነው። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሟል፣ ምራቁንም ተፍቷል፣ ስኳሩም ጓዳ ገብቷል። ሁሉም ምልክት በአንድ ጊዜ! ወጣሁና አንድ ቦምብ ቢወድቅ ከዳሞታ እስከ ሻንቶ ያለውን ሁሉ ያቃጥላል አልኩ። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አያቴ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በጣም ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እንሰቱስ?»

«ቅጠሉ ይቃጠላል።»

«ከመሬት በታች ያለውስ?»

ፊታቸውን አየሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ፊት አልነበረም፤ ከጫካ የተመለሰ ልጅ ፊት ነበር። አሳዘኑኝ። በዚያ ላይ በቆሎው እየቀዘቀዘ ነው።

«ከመሬት በታች ያለው ይተርፋል» አልኩ።

«ሬዲዮው ብሏል?»

«ብሏል።»

በማግስቱ አያቴ ዶማ ይዘው ጓሮ ወጡ። ያን ያህል ጉድጓድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በሬ ከነቀንዱ ይውጣል። ሲጨርሱ «ግባ እስኪ ልለካህ» አሉኝ። ገባሁ። ሰማዩ ትንሽ ሆነ።

«ለምንድን ነው የሚለኩኝ?»

«ቆጮው በአንድ በኩል፣ አንተ በአንድ በኩል። አስተርጓሚዬ አይደለህ? መጀመሪያ የምትቀበረው አንተ ነህ።»

እሪ አልኩ። ከእንሰት ሥሮች መካከል በእግሬም በጥርሴም ብዬ ወጣሁ። አያቴ ይህን ሁሉ የቆጠሩት ለጦርነቱ ነው፤ «ልጁ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው የሚያለቅሰው» ብለው ሌላ ክንድ ጨመሩበት።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። እንሰቱ ሁሉ ይቆረጥ፣ ይፋቅ፣ ይቀበር። ትልቁም ትንሹም። መፋቅ የሴቶች ሥራ ስለሆነ ወንድ ድርሽ አይልበትም፤ ስለዚህ አዬ የጎረቤት ሴቶችን ትጥራ ተባለ። አዬ ለአማቷ ፊት ለፊት መልስ አትሰጥም። የምትመልሰው በእኔ በኩል ነው። አያቴም ከእሷ ሁለት ክንድ ርቀው ቆመው፣ ጆሯቸው ዝንብ ሲያልፍ እየሰማ፣ መልሱን ከእኔ ይጠብቃሉ።

«ለአያትህ ንገራቸው፤ የሁለት ዓመት እንሰት ቢፋቅ የሚወጣው ውኃ ነው።»

«ምን አለች?»

«ውኃ ነው የሚወጣው አለች።»

«ውኃም ቢሆን ከመሬት በታች ይግባ በላት።»

«ይግባ አሉ።»

«ሰምቻለሁ! የማያውቁን ሰዎች በማናውቀው አገር ቢጣሉ እንሰቴ ምን አደረገ በላቸው። ለዘንድሮ ከጨረስነው ልጆቹ ከርሞ ምን ይበላሉ በላቸው።»

አያቴ ወደ እኔ አላዩም። ወደ ተራራው ነው ያዩት።

«ከርሞ አለ ወይ በላት» አሉ።

ይህን አላስተላለፍኩም። ማስተላለፍም አላስፈለገም።

አዬ ሴቶቹን ሳትጠራ ሁለት ቀን አጓተተች። አንዴ መፋቂያውን ሰው ተውሶታል፣ አንዴ እገሊት ወልዳለች፣ አንዴ ወገቤን። በሦስተኛው ጠዋት አያቴ ራሳቸው ቆንጮራ ይዘው ገቡ። እንሰት ሲቆረጥ ድምፁ እርጥብ ነው፤ ሰው ጭቃ ውስጥ በጥፊ የሚመታ ይመስላል። መጀመሪያ ሦስቱ ትልልቅ እንሰቶች፣ ማዚያ የምንላቸው፣ ወደቁ፤ እነሱስ ደርሰዋል። ከዚያ አያቴ ወደ እንሰቱ ልጆች ተራ ተሻገሩ፤ ቁመታቸው እኔን ወደሚያክለው። አራት። አምስት። አዬ በጓዳው በር ቆማ ትቆጥራለች። ስምንት ሲሞላ ጣቷን አንገቷ ላይ ጫነች። አሥር ሲሞላ የጆሮዬን ጫፍ ያዘች።

«ና። ያ ሬዲዮ እኔም ፊት ይናገር!»

ከቤት እስከ ሱቁ ድረስ እግሬ መሬት የነካው ሁለት ጊዜ ይመስለኛል። የቀትር ዜናው ሊጀምር ነው። አዬ ሰዎቹን በክርኗ ከፍላ መደርደሪያው ፊት ቆመች።

«ጋሽ ደበበ፣ ጦርነቷ መጣ?»

«ቆይ እህቴ፣ አሁን ልትናገር ነው።»

አዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠች። እኔ ልብስ ሰፊውን አየሁት። መኪናው ቆሟል። ዜናው ረዘመ። በመካከሉ ድንገት መኪናው ትትትትት ብሎ መስፋቱን ቀጠለ። ሰዎቹ ተነፈሱ። አንዱ የሌላውን ትከሻ መታ። ጋሽ ደበበ ፈገግ አሉ።

«ይኸው! ሩሲያ ዕቃዋን ጭና አገሯ ልትገባ ነው። አሜሪካም ኩባን አልነካም ብላለች። ተመስገን በይ እህቴ።»

«ተመስገን። ስለ እንሰትስ?»

«እንዴት?»

«ከመሬት በታች ያለው ይተርፋል ብላለች አሉ። ሬዲዮዋ።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደበበ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «እህቴ፣ እኔም የእንሰት አገር ሰው ነኝ። ይህች ሬዲዮ አንድ ቀን እንሰት ስትል ብሰማ ስኳሩን በነፃ ባደልኩ!»

አዬ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ አስተያየት ቅቤ ይቀልጣል። ጋሽ ደበበ ግን አዘኑልኝ መሰል ሳቃቸውን ዋጡ። «ልጁ ምን ብሎ ነበር?» አሉ። አንድ ቦምብ ከዳሞታ እስከ ሻንቶ እንደሚያቃጥል ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

«ጦርነቱንስ አልዋሸም» አሉ ጋሽ ደበበ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲያውም አሳንሶታል። ሰሞኑን እኮ ዓለም እንዳለች ልትጠፋ ነበር። ሶዶ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ ሎንዶን፣ ሁሉም። ለጥቂት ነው የተረፈችው።»

በሕይወቴ በማጋነን የተበለጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የበለጡኝም ሁለት መንግሥታት ሆነው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አዬ እስከ መንገዱ አጋማሽ ጆሮዬን እንደያዘች ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«ውሸታም መሆንህን ለአያትህ አልነግራቸውም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። በአስተርጓሚ መሬታቸውን አጥተዋል። ሁለተኛው አስተርጓሚ የገዛ የልጃቸው ልጅ ነው ቢባሉ ይሞቱብኛል። አሁን የምልህን እንዳለ ታደርሳለህ። አንዲት ቃል ብትጨምር ጉድጓዱ ዝግጁ ነው።»

በወላይትኛ አስጠናችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አያቴ አሥራ አንደኛውን ጥለው ወደ አሥራ ሁለተኛው ቆንጮራ አንስተዋል። እየሮጥኩ ገባሁ። «ሩሲያ ዕቃዋን ጭና ልትገባ ነው። አሜሪካም አልነካም ብላለች። ጦርነቱ ቀርቷል።»

ቆንጮራው እንደተነሣ ቆየ።

«የሬዲዮው ቃል ነው ወይስ የራስህ?»

«የሬዲዮው ነው።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቆንጮራውን መሬት ላይ ተክለው በወደቀው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሲመሽ ለሽማግሌዎቹ «ሁለቱ ታረቁ» ብለው ሲነግሯቸው ሰማሁ። «የነገረኝ ልጄ ነው። ከሬዲዮው አፍ እንደወጣ። አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ሳይቀንስ።» በደረታቸው ኩራት ሙሉ ቤቱ ይሞቅ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ ከጆንያ ኋላ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ መጥተው አሥራ አንዱን ፋቁ። ከስምንቱ ልጆች የወጣው አዬ እንዳለችው ውኃ ነው። በዚያ በሬ በሚውጥ ጉድጓድ ታች ቆጮው እንደ ሰሃን ትራፊ ተጋደመ። በዚያ ዓመት ጎደሬ ስንበላ ከረምን፣ ቆጮው ደግሞ እጅግ ኮምጥጦ ወጣ። አዬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ስታቀርብ መጀመሪያ የምታስቀምጠው እኔ ፊት ነው። «ብላ» ትላለች፤ «ጦርነትህ ነው።» የወደቁትን ለመተካት ስድስት ዓመት ፈጀባት። ካሳ የላከ መንግሥት የለም። እንሰት ስድስት ዓመት እንደሚፈጅ የሚነግራቸው ሰው እንኳ ያላቸው አይመስለኝም።

አዬ ከዚያ ወዲህ ውሸታም ብላ ጠራችኝ። ሰፈሩም ከእሷ ሰምቶ ተቀበለው፤ ቀልደኛ፣ አጋናኝ፣ አንዷን መርከብ ሦስት የሚያደርግ አሉኝ። ስሙን ወድጄ ያዝኩት፣ እስከ ዛሬም ኖሬበታለሁ። ከእውነቱ የተሻለ ስም ስለነበረ ነው።

እውነቱ አልዋሸሁም፤ ለመዋሸት መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊደል ስዘምር ከርሜ፣ ተነሥ ሲሉኝ ተነሥቼ ተቀመጥ ሲሉኝ ተቀምጬ፣ የቤታችን አስተርጓሚ የሆንኩት ሰውዬ አማርኛ አላውቅም ነበር፤ አዬና ጋሽ ደበበ ሱቅ ውስጥ የተባባሉትን እንኳ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከአዬ ነው። ከዚያ ሁሉ የቀትር ዜና፣ ከአገር ስሞችና «ጦርነት» ከሚለው ቃል በስተቀር፣ የገባኝ መጨረሻ ላይ «ደህና ዋሉ» የሚለው ብቻ ነው።